ካሴትን ወደ ኮምፒውተር መቅዳት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የጅማ እርጥበት ለቡናው ሲሳይ ነው፤ በየቁም ሣጥኑ ለተቀመጠው ካሴት ግን ጠላት ነው። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ካሴትን ወደ ኮምፒውተር ስለ መቅዳት ነበሩ። ጠያቂዎቹ ሁሉ መፍትሔውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ይፈልጋሉ፤ ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ቴፑና ገመዱ ላይ ነው።

«ቴፔን ከላፕቶፔ ጋር በገመድ አገናኝቼ የሰርግ ዘፈን እየቀዳሁ ነው። ድምፁ ይሰነጣጠቃል፤ አንዳንዴም ዘፈኑ መካከል ላይ ይደክምና ተመልሶ ይነሳል። ቴፑ ብቻውን ሲዘፍን ግን ደህና ነው።» (ከፈረንጅ አራዳ)

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የላፕቶፕ ቀዳዳ በአብዛኛው የተሠራው ለማይክራፎን ነው። ከማይክራፎን የሚመጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ስለሆነ ቀዳዳው የገባለትን ሁሉ ያጎላል። ከቴፑ የሚወጣው ግን አስቀድሞ የጎላ ነው፤ በላዩ ላይ ሲጎላ ይሰነጠቃል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ካለዎት ከጀርባው ባለው ሰማያዊ ቀዳዳ ይጠቀሙ፤ ሮዙ የማይክራፎን ነው። ያለዎት ላፕቶፕ ብቻ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ ይግዙ። ሲገዙ «ላይን» የሚል መግቢያ እንዳለው ያረጋግጡ፤ የብዙዎቹ ርካሽ ካርዶች መግቢያ የማይክራፎን ብቻ ነው።

ዘፈኑን የሚያደክመው ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ለንግግር ተብሎ የተሠራው የጩኸት ማጥፊያ ረዘም ያለውን የዘፈን ድምፅ እንደ ማራገቢያ ጩኸት ቆጥሮ ያፍነዋል። በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ የመቅጃ መሣሪያውን ከፍተው ማሻሻያዎቹን በሙሉ ያጥፉ። በመቅጃ ፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅም ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው መካከል ይሁን። ዜሮን ሲነካ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን በትክክል የሚመልስ ፕሮግራም የለም።

«አባታችን ከጅዳ የላኩልን የድምፅ ደብዳቤዎች አሉ። በካሴቱ መስኮት ሲታይ የክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። አጫውቼ ልቅዳው?» (ከጅሬን)

እባክዎ አያጫውቱት። ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም። የተጣበቀው ክር ሊበጠስ ይችላል፤ ቴፑም ይበከልና ከዚያ በኋላ የሚገባበትን ደህና ካሴት ሁሉ ያበላሻል። መጀመሪያ ካሴቶቹን ከሌሎቹ ይለዩ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስበው ከካሴቱ ጋር በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ያኑሩ። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ሙቀት ቅርፊቱን ያጣምማል።

ሻጋታው ሲደርቅ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሥሩ። ቅርፊቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ በትንሽ ካቻቢቴ ይከፈታል። ክሩን በእጅ፣ በቀስታ፣ ከጥቅል ወደ ጥቅል እያዞሩ ብናኝ በማይለቅ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያ ሁለቱን ጥቅሎች ወደ ንጹሕ ቅርፊት ያዛውሩ። ክሩ አልላቀቅ ካለ አይጎትቱት። ይህን ሁሉ በመጀመሪያ በማያስፈልግዎት ካሴት ላይ ይለማመዱ። ዘፈን ቢበላሽ ሌላ ሰው ቤት ይገኛል፤ የአባትዎ ድምፅ ያለው ግን እርስዎ ጋር ብቻ ነው። ማንም በስሕተት እንዳይቀዳበትም ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ።

«የመንዙማ ካሴቶቼን ቀዳሁ፤ ድምፁ ግን ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ ይመስላል። በፕሮግራም ቀጭኑን ድምፅ ብጨምር ጩኸቱ ብቻ ጨመረ።» (ከቆጪ)

ቴፑ ያላነበበውን ድምፅ ኮምፒውተሩ ከየት ያመጣዋል? ከጽዳት ይጀምሩ። የቴፑን ሄድ (ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነብበውን ክፍል) እና ክሩን የሚጎትተውን የጎማ መዘውር በጥጥ ይጥረጉ፤ ቡናማ እድፍ ይወጣል። ለሄዱ ንጹሕ አልኮል ይጠቀሙና እስኪደርቅ ይጠብቁ። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ግሊሰሪን ያለበት ስለሚበዛ ቅባት ይተዋል። ቀጥሎ ካሴቱን ይመልከቱ፦ በክሩ በኩል ባለው ጠርዝ መሃል ትንሽ የሱፍ ትራስ አለች፤ ከወደቀች ክሩ ሄዱን በደንብ አይነካም።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሄዱ አቀማመጥ ነው። የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በሰከንድ የሚጓዘውም 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሄዱ በፀጉር ያህል ቢያጋድል ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። በሄዱ ግራና ቀኝ ሁለት ብሎኖች ያያሉ፤ የሚስተካከለው ከሥሩ ስፕሪንግ ያለው ነው። ነባር ቦታውን ምልክት ያድርጉበት። ካሴቱ እየተጫወተ፣ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ፣ በጣም በትንሹ ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያቁሙ። እያንዳንዱ ካሴት የተቀዳበት ቴፕ የተለያየ ስለሆነ ለሌላው ካሴት እንደገና ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ሥራ የሚዘልሉ ቀጂዎች ብዙ ናቸው፤ ያሳዝነኛል፤ የሚያመጣው ልዩነት ትልቅ ነውና። ቴፕዎ ዶልቢ (የካሴት ጩኸት መቀነሻ) ካለውና ካሴቱ ያለ ዶልቢ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ያጥፉት፤ እሱም ድምፅ ያፍናል።

«በቀዳሁት ሁሉ ሥር የማያቋርጥ 'እምምም' የሚል ድምፅ አለ።» (ከመንደራ)

የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ይቅዱ። ከጠፋ ጉዳዩ አለቀ። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሆነ ቴፑንና ኮምፒውተሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ።

«ዘፋኙ ከወትሮው ዝግ ብሎና ወፍሮ ይሰማል።» (ከቦሳ አዲስ)

የሞተሩ ላስቲክ ላልቶ ይሆናል፤ ያስቀይሩት። ካሴቱ መጀመሪያውኑ በተሳሳተ ፍጥነት የተቀዳ ከሆነ ግን አንድ ዘዴ አለ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሲቀዳ የገባ የመብራት «እምምም» ድምፅ ካሴቱ ውስጥ ካለ፣ ማለትም ቴፑን ሲያቆሙት አብሮ የሚቆም ከሆነ፣ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም የድምፅ ስፔክትረም (ድምፁ በየትኛው ኸርዝ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል) ይመልከቱት። 48 ኸርዝ ላይ ከታየ ድምፁ በ4 በመቶ ዘግይቷል፤ ፍጥነቱን በ1.042 ያባዙ። የሚቀይሩት ቅኝቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ፍጥነቱን ነው።

«ቀጂው በኤምፒ3 ሰጠኝ፤ ካሴቶቹን ልጣላቸው?» (ከሂርማታ)

አይጣሉ። በዌቭ (እንደ ኤምፒ3 ባልተጨመቀ ፋይል) እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ በሲዲ ጥራት ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። የ90 ደቂቃ ካሴት አንድ ጊጋባይት አይሞላም፤ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ሠላሳ ያህሉን ይይዛል። ጩኸቱ ያልተቀነሰለትን፣ እንደ ወረደ የተቀዳውን ፋይል በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ። ኤምፒ3 ለስልክ ይሁን። የፋይሉ ስም ላይም የተናጋሪውን ስም፣ ዓመቱንና የካሴቱን ገጽ ይጻፉ፤ ድምፁን ለይተው የሚያውቁ አዛውንት ቤት ውስጥ ካሉ ዛሬውኑ አብረዋቸው ያዳምጡ።