የላላ ብሎን ከማጥበቃችሁ በፊት

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሣር ለማጨድ የምትመጡት መቼም ታውቁኛላችሁ። ጥላው ሥር ባልዲ ገልብጬ የምቀመጠው ሽማግሌ ነኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ» ትሉኛላችሁ። ማረፉን አልጠላም፤ ጆሮዬ ግን አያርፍም። አርባ ዓመት ከሞተር ጋር የኖረ ጆሮ ነው። ትራክተሯ ባጠገቤ ስታልፍ የሚንኳኳውን ሁሉ ይለቅማል።

ሌላ ቦታ ሆናችሁ ከአሮጌ ማሽን ጋር የምትታገሉም ካላችሁ አብራችሁ አንብቡ።

ትራክተሯን ለማያውቋት ላስተዋውቅ። ቢጫና ነጭ ካብ ካዴት ናት። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ይህን የጓሮ ትራክተር መሥራት የጀመረው በፈረንጆች ስልሳዎቹ መባቻ ላይ፣ ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል ላይ ነው። የእኛዋም የዚያው የስልሳዎቹ ልጅ ናት። እዚህ ቨርጂኒያ ከደረሰች ስንት እጅ እንደቀያየራት እንጃ። ሞተሯ ኮህለር፣ አንድ ሲሊንደር፣ 12 የፈረስ ጉልበት ነው። ብረቷ የዛሬዎቹን ሦስት ያወጣል።

አንድ ሲሊንደር የምትለዋን ያዙልኝ። አንድ ፒስተን ብቻውን ወደ ላይ ወደ ታች ሲል እኩያ ሆኖ የሚመዝነው ሌላ የለም። በሙሉ ጋዝ በደቂቃ 3600 ጊዜ ትዞራለች። በሰዓት 216,000 ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር መላ ሰውነቷ ይርገበገባል። ስልሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ የተናጠ ብረት ላይ የላላ ብሎን ቢገኝ አይግረማችሁ።

ባለፈው ወር አንዳችሁ ሞተሩን ከሻሲው ጋር ከሚያስሩት አራት ብሎኖች አንዱን ሦስት ቅዳሜ አከታትሎ አጠበቀ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። በየሳምንቱ ላልቶ ያገኘዋል፣ በየሳምንቱ ያጠብቀዋል። በሦስተኛው ቅዳሜ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። «ለምን ላላ?» አልኩት። «ጋሼ፣ አሁን ጠበቀ እኮ!» አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ሌላ፣ እሱ የመለሰልኝ ሌላ።

በእሱ አልፈርድም። እኔም በእሱ ዕድሜ ያው ነበርኩ።

በእኛ አቆጣጠር 1974 ዓ.ም. ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አርሲ ውስጥ አንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ በረዳትነት ገባሁ። ትራክተሮቹ የሶቪየቱ ቤላሩስ ነበሩ። የመኸር ጊዜ ስለሆነ ሁሉም ይሯሯጣል። አንድ ቀን የስንዴ ተጎታች ጎማ ቀይር ተባልኩ። ቸርኬው አዲስ ቀለም የተቀባ ነበር፤ ሲያዩት ያምራል። ጎማውን የሚያስሩትን ዳዶዎች ባለኝ ጉልበት ሁሉ አጠበቅኩ። ዋናው መካኒክ «አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ተመልሰህ እያቸው» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩ። ምሳ ደረሰ፣ ወሬ ደረሰ፣ ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ወጥቶ ከትራክተሩ ቀድሞ ወረደ። ተጎታቹ ተዘንብሎ ስንዴው መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

መካኒኩ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። ቸርኬውን አንስቶ ዳዶው የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍሩ ፋቀው። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተላጠ። «ያጠበቅከው ብረቱን መስሎህ ነው?» አለኝ። «ቀለሙን ነው።» ወፍራሙ ቀለም ጭነቱ ሲበዛበት ተጨፈለቀ። የወረቀት ያህል ቢሳሳ እንኳ ለዳዶው ያ በቂ ነው። ማጥበቄ ልክ ነበር፤ ምን ላይ እንደማጠብቅ ግን አላየሁም።

ለምን ወረቀት የምታህል ክፍተት ይህን ያህል ታደርጋለች? ብሎን ሞላ ስለሆነ ነው። አዎ፣ ያ ድርቅ ያለ ብረት ሞላ ነው። ስታጠብቁት በዓይን የማይታይ ጥቂት ይለጠጣል። ሁለቱን ብረት አጣብቆ የሚይዘው ወደ ቦታው ልመለስ የሚለው ያ መለጠጥ ነው። ከብሎኑ ሥር ቀለም ሲጨፈለቅ፣ ዝገት ሲረግፍ፣ በሁለቱ ብረት መሐል የሚገባው ጋስኬት ሲሟሽሽ መለጠጡ ይጠፋል። ብሎኑ ገና አንድ ዙር ሳይፈታ ሥራውን አቁሟል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ብረቶቹ ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራሉ። ዩንከር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ በፈረንጆች 1969 ይህን በሙከራ አሳይቷል። ብሎንን ከሁሉ በላይ የሚፈታው የጎን መንሸራተት ነው። ብረቱ ወዲያ ወዲህ ባለ ቁጥር ጥርሱን የያዘው ሰበቃ ለቅጽበት ይለቃል፤ ዳዶው ማንም ሳይነካው ራሱን ያዞራል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አበው ጋራዥ የገቡ ይመስለኛል።

ወደ ትራክተራችን እንመለስ። ልጁ ቧንቧውን እንዲያወርድ ነገርኩት። መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ነቀልን፣ ከባትሪው ኔጌቲቩን ፈታን፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍን። ይሄን በየጊዜው የምደጋግመው ስለማረጅ አይደለም። ያልታሰበ ሞተር ተነስቶ የስንቱን ጣት እንደወሰደ ስለማውቅ ነው። በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ ነገር ሥርም አትግቡ። መቆሚያ አስገቡለት።

ከዚያ ልጁ የውሃ ጎማውን ይዞ ሊያጥባት መጣ። ቆይ አልኩት። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያጥባል፣ እኔ መጀመሪያ አያለሁ። ቆሻሻው የሚናገረው አለው። የላላ ብሎን ዙሪያ ቀይ ዱቄት ታገኛላችሁ፣ ልክ እንደ በርበሬ። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣ ዝገት ነው። ዘይት ካገኘው ደግሞ ድልህ ይመስላል። በተረፈ ከብሎኑ ራስ ሥር የሚያብረቀርቅ ቀለበት፣ መጋጠሚያው ላይ እንደ ፀጉር የተሰነጠቀ ቀለም ፈልጉ። አጥባችሁት ቢሆን ይህ ሁሉ ምስክር በውሃ ሄደ።

በባትሪ መብራት አየን። ሦስቱ ደረቅ ናቸው። አራተኛው ድልህ በድልህ ሆኗል።

«በል ፍታው» አልኩት። ፈታው። አዲስ ብሎን አምጥተን ጎን ለጎን ጥርስ በጥርስ ገጠምናቸው። መጀመሪያ ላይ ቁጭ ቁጭ ብለው ተጋጠሙ። መሐል ሲደርሱ ጥርሶቹ አልገናኝ አሉ። አሮጌው ተለጥጦ ቀርቷል፤ አንገቱም ቀጥኗል። ሞላነቱ አልቋል። እንዲህ ያለውን ብሎን «ለሌላ ቦታ ይሆናል» ብላችሁ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳትመልሱት። ያ ቆርቆሮ የስንቱን ማሽን ዕድሜ አሳጥሯል!

ራሱን አየን፤ ልሙጥ ነው። ይቺን ልብ በሉ። በኢንች የሚለካ ብሎን ራሱ ላይ መስመር ከሌለው ለስላሳው ዓይነት ነው፤ ግሬድ 2 ይሉታል። ሦስት መስመር ካለው ግሬድ 5፣ ስድስት ካለው ግሬድ 8። በሚሊሜትር የሚሠራው ደግሞ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር አለው። የቀሩት ሦስቱ ባለ ሦስት መስመር ነበሩ። ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ሰው አራተኛው ቢጠፋበት ያገኘውን ልሙጥ ሰክቶ ሄዷል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ይቺ ትራክተር ኢንች ናት። ባለ 13 መፍቻ ግማሽ ኢንቹ ራስ ላይ ይገባል፤ የገባ ሁሉ ግን ልኩ አይደለም። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው። በዚያች 0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ጠርዙ እየተላጨ ብሎኑ ድቡልቡል ይሆናል። ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎንም የ5/16 ኢንች ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ጥርስ ያህል ገብቶ ያታልላችኋል። እዚያ ጋ እጃችሁ እንቢ ካለው መፍቻ አታንሱ። በጣት የማይገባ ብሎን የዚያ ቀዳዳ ብሎን አይደለም።

ብሎኑ ቢቀየር ብቻ በቂ ነበር? ልጁ በቂ ነው ብሎ ሊገጥም ተነሳ። ጣትህን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ አልኩት። አስገብቶ ዞር ዞር አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። ቀዳዳው ክብ አልነበረም፤ ተበልቶ እንቁላል ሆኗል። በዚህ ቀዳዳ የወርቅ ብሎን ብትሰኩበትም ወር አይቆይም። ብየዳ የሚያውቅ ወንድማችን ሞልቶ እንደገና በሳው። የፈጀው አንድ ከሰዓት ነው። ልጁ ደግሞ በሦስት ቅዳሜ አንዴም አልደረሰበትም።

ስለ ሮንዴላ፣ ከብሎኑ ራስ ሥር ስለሚገባው ቀጭን ክብ ብረት፣ ብዙ እከራከራለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ያ የተሰነጠቀው ስፕሪንግ ሮንዴላ ብሎን አይፈታም የሚል እምነት አለ። እኔም ግማሽ ዕድሜዬን አምኜበታለሁ። ብሎኑ ሙሉ በሙሉ ሲጠብቅ ግን ሮንዴላው ዝርግ ይሆናል። ዝርግ ከሆነ ተራ ሮንዴላ ነው። የናሳ የብሎን መመሪያ በፈረንጆች 1990 ይህንኑ ሳያለባብስ ጽፎታል። ጨረቃ ላይ የወጡ ሰዎች ያሉትን እኛ ሣር አጫጆቹ ብንሰማ ምን አለበት? ጠንካራ ዝርግ ሮንዴላ፣ ትክክለኛ ብሎን፣ ትክክለኛ ጥብቀት። ከፈለጋችሁ በጥርሱ ላይ ሰማያዊ ሎክታይት፣ ያን የብሎን ሙጫ፣ ጠብ አድርጉ፤ በተራ መፍቻ ይፈታል። ቀዩን ተዉት፣ በእሳት ካልተለበለበ አይለቅም። ፕላስቲክ ያለው ዳዶም የጭስ መውጫው ማርሚታ አጠገብ አይሆንም፤ ይቀልጣል።

ጥብቀቱን በክንድ አትገምቱ። ከምታዞሩት ጉልበት ከአሥሩ ዘጠኙን ሰበቃ ይበላዋል፣ ብሎኑን የሚለጥጠው አንዱ ብቻ ነው። ጥርሱን ዘይት ብትቀቡት ሰበቃው ይቀንስና ያው ክንድ ብሎኑን ከልክ በላይ ይለጥጠዋል፤ አንዳንዴም ይበጥሰዋል። ባለ 3/8 ኢንች ግሬድ 5 በደረቁ 30 ፉት ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ግን የማሽኑ መጽሐፍ ሌላ ካለ መጽሐፉን ስሙ። ቶርክ ሬንች፣ የጥብቀቱን ልክ የሚያሳየውን መፍቻ፣ ተበደሩ። እናንተ የምትወዱት ኢምፓክት፣ ያ ድርርር የሚለው የመፍቻ ማሽን፣ ለመፍታት ግሩም ነው። ለማጥበቅ ግን እጁ ልክ አያውቅም።

ስናበቃ በአራቱም ብሎኖች ላይ በነጭ ማርከር መስመር አሰመርኩ። ከብሎኑ ራስ ጀምሮ እስከ ሻሲው ድረስ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ብሎኑ ቢንቀሳቀስ መስመሩ ይሰበራል። መፍቻ ሳታነሱ፣ ቆማችሁ ታያላችሁ። አንድ ሰዓት ከታጨደ በኋላ እንዲያየው ለልጁ ነገርኩት። እሱ አልረሳም። ከእኔ ይሻላል።

ባለፈው ቅዳሜ ራሴ ጎንበስ ብዬ አየሁት። የተበየደውን ጨምሮ ሦስቱ መስመር እንዳለ ነው። በኋላ በኩል ያለው፣ ደረቅ ነው ብለን ያለፍነው፣ የፀጉር ያህል ሸሽቷል። ልጁ መፍቻውን ይዞ ከኋላዬ ቆሟል። ሊያጠብቀው እጁን ዘረጋ፣ ተወው፣ አጎነበሰ። ጣቱን ከብሎኑ ሥር አሻሸና ወደ ብርሃን አውጥቶ ያየው ጀመር። እኔም ባልዲዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።