መልስ፦ አያትየዋ ቴሌቪዥኑን ነው የሚያመልኩት?

አይደለም እህቴ። ቴሌቪዥኑንም ተዋናዩንም አያመልኩም። ዱባይ የምትሠሪበት ቤት ያሉት ህንዳዊት አያት «ራማያን» የሚባለው የራማን ታሪክ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ሲጀምር ጫማቸውን አውልቀው፣ ዕጣን ለኩሰው እጃቸውን የሚያጋጥሙት ሂንዱዎች እንደ አምላክ ለሚያመልኩት ለራማ ነው። በሂንዱዎች ዘንድ «ዳርሻን» የሚባል ነገር አለ። አማኙ አምላኩን ያያል፣ አምላኩም እሱን ያየዋል። ምስሉ በድንጋይ ቢቀረጽ፣ በወረቀት ቢታተም፣ በስክሪን ቢመጣ ለብዙዎቹ ያው ነው። ኦርቶዶክስ ሥዕል ሲሳለም እንጨቱን ብሎ አይደለም አይደል? እንደዚያ አስቢው።

ነገሩ ደግሞ የቆየ ነው። ተከታታዩ በህንድ መንግሥት ጣቢያ እሑድ ጠዋት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1987 ነው። ያኔ ብዙ ሰው ገላውን ታጥቦ ነበር የሚቀመጠው። ቴሌቪዥኑ ላይ የአበባ ጉንጉን ያደርጉ ነበር። ራማን ሆኖ የተጫወተውን አሩን ጎቪልን መንገድ ላይ ሲያገኙት ጎንበስ ብለው እግሩን የሚነኩም ነበሩ። በ2020 በኮሮና ጊዜ እንደገና ሲተላለፍ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ አየው።

ስለዚህ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ቻናል አትቀይሪ፣ በፊታቸው አትመላለሺ። አብረሽ የመስገድ ግዴታ ግን የለብሽም። በጸጥታ መቀመጥ ይበቃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እኔ ሻርጃ ስሠራ አንዲት እናት ፊት «ይሄ እኮ ተዋናይ ነው» ብዬ ሳቅሁ። ምንም አላሉኝም፤ ግን ሳምንት ሙሉ ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። ተዋናይ መሆኑንማ ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር።