የታክሲውን የሚሰጠው ልጅ

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ሪሜዲያል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ላልሞላለት የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት) ደርሶት «አልሄድም» አለኝ። ውሎው ስልክ ጥገና ሱቅ ነው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አጎቱም መከረው። እህቱን እንጀራ ሸጬ በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ አስተማርኳት፤ ሥራ ባታገኝም አኩርታኛለች። እሱም ክፉ አይደለም፤ የታክሲዋን እንኳ የሚሰጣት እሱ ነው። እንዴት ላሳምነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሪሜዲያልም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በሩ እንዲህ በጠበበበት ልጅ «አልገባም» ሲል እናት ትደነግጣለች።

እኔ ግን የታክሲዋ ነገር ላይ ቆየሁ። እርስዎ የጻፉት ልጁን ለማመስገን ነው። እስቲ ጠዋቱን ያስቡት። ሳሎን ግድግዳ ላይ የጋዎን ፎቶ አለ (ባይጽፉልኝም አለ፤ የሌለበት ቤት አላየሁም)። የፎቶዋ ባለቤት ሲቪዋን ይዛ ልትወጣ ነው። ታናሽ ወንድሟ ትናንት ስልክ ሲፈታታ ካገኛት ሳንቲም ላይ ቆጥሮ ይሰጣታል። ይህን በየቀኑ የሚያይ ልጅ «አልማርም» ቢል ሰነፍ ለማለት ይቸግረኛል። ከፊቱ ያለውንም ያውቃል፦ ሪሜዲያሉ፣ ፍሬሽማኑ፣ ዲፓርትመንቱ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው።

ዲግሪ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እኔም እንጀራ የምበላው በእሱ ነው።

አሁን ከባዱን ልበልዎት፣ አይቀየሙኝ። ያዘኑት በልጅዎ ብቻ አይመስለኝም። «ሥራ ባታገኝም» ብለው ቶሎ አለፉት። ያ ሁሉ እንጀራ፣ ያ ሁሉ ጭስ ያሰባችሁትን አላመጣም፤ ቤት ውስጥ ግን ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ ያለ አይመስልም። እሱ ዩኒቨርሲቲ ከገባ የእርስዎም የእሷም ልፋት ልክ ነበር ማለት ይሆናል። እምቢ ካለ ደግሞ ልፋታችሁን የናቀባችሁ ይመስላል። ይህ ለ19 ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። እሷስ? «እንደ እህትህ ሁን» በተባለ ቁጥር ምን እንደሚሰማት ጠይቀዋት ያውቃሉ?

ለጊዜው ማሳመኑን ቢተዉት እመርጣለሁ። አንድ ቀን ሱቁ ይሂዱ፤ ምክር ሳይዙ፣ ሲሠራ ለማየት ብቻ። ሲረጋጋ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) መፈተኑን ራሱ ያነሳው ይሆናል፤ ላያነሳም ይችላል።

የምክር ባለሙያ ጋ መሄዱ ግን ይጠቅማችኋል። መጀመሪያ እርስዎና ልጅቷ ሂዱ፤ እሱ ሥራው ላይ ይሁን።