ኤሊዋን ሐይቁ ውስጥ እንልቀቃት?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ባለቤቴ ከአርባ ምንጭ ሲመለስ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች አንዲት ኤሊ ገዝቶ ለልጆቻችን አመጣላቸው። ጀርባዋ ከፍ ብሎ የጎበጠ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ነው። ልጆቹ «የውኃ እንስሳ ናት» ብለው ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ከተቷት፤ ደርሰን ስናወጣት ነፍሷ ልትወጣ ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ ወዲህ አጥር ሥር እየቆፈረች ስላስቸገረች ባለቤቴ የድንጋይ ልብሷን ጠርዝ በመሰርሰሪያ በስቶ በሲባጎ ከዘይቱኑ ዛፍ ጋር አሰራት። አሁን ቀዳዳው ይመግላል፣ አፍንጫዋ አረፋ ይደፍቃል፣ የምንሰጣትን እንጀራም ሆነ ዳቦ አትነካም። ጎረቤቶቻችን «ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል መናፈሻ ወስዳችሁ ሐይቁ ውስጥ ልቀቋት» ይሉናል። ምን ይሻለናል?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ጎረቤቶችዎ በቅንነት ቢመክሩም ሐይቁ ይገድላታል። ከገለጹልን መልኳ እንደምንረዳው የእርስዎ ኤሊ በየብስ የምትኖር ስትሆን፣ እግሯ እንደ ዝሆን እግር ድፍን ስለሆነ መቅዘፍ አትችልም። በሐይቅና በኩሬ የሚኖሩት ኤሊዎች ልብሳቸው ጠፍጠፍ ያለ፣ በጣቶቻቸው መካከልም ስስ ቆዳ ያላቸው ናቸው።

የአፍንጫዋ አረፋ የሳንባ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ችላ ሊባል አይገባም። ኤሊ እንደ እኛ ስላ አክታ ማውጣት አትችልም፤ ስለዚህ ሳንባዋ የገባው ውኃና የሚከተለው ፈሳሽ እዚያው ይቆያል። በዚያ ላይ ሙቀቷን የምታገኘው ከአካባቢዋ ሲሆን፣ 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሀዋሳ ሌሊቷ ከመጣችበት ቆላ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቀን ፀሐይም ጥላም ባለበት ደረቅ ስፍራ ትዋል፤ ማታ ደረቅ ሣር በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ሆና ቤት ትደር።

ሲባጎውን ዛሬውኑ ይቁረጡት። ብዙ ሰው የኤሊን ልብስ እንደ ጥፍር የማይሰማ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ከጎድን አጥንቷና ከአከርካሪዋ ጋር የተዋሐደ፣ ደም ሥርና ነርቭ ያለው ሕያው አጥንት ስለሆነ መበሳቱ በእርግጥ አሟታል። ቀዳዳውን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ አጥበው ዝንብ እንዳይደርስበት በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑትና ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ለከብትና ለበግ በየቀኑ የሚታዘዘው አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት ኤሊን ሊገድል ስለሚችል፣ ሐኪሙ ኤሊ የማከም ልምድ ከሌለው ይህንኑ ያስታውሱት፤ ቢቆጣ እንኳ ይቆጣ።

እንጀራና ዳቦ ምግቧ አይደሉም። ሣር፣ እሾኻማ አረምና እሾኹ የተላጠ የበለስ ቅጠል ይቅረብላት፤ ውኃም በዝርግ ሳሕን፣ ከአገጯ ዝቅ ብሎ።

ስለ ልጆቹም አንድ ነገር አለ። ኤሊዎች ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ይይዛሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ትናንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችውም ልጆች ከእነርሱ በሽታው ስለያዛቸው ነበር። ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ያ ሳፋም ወደ ማዕድ ቤት አይመለስ።

በመጨረሻም፣ በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። (መንገድ ዳር የሚገዛ ባይኖር የሚሸጡት ልጆችም ባልለቀሙ ነበር።) ስለዚህ ሕክምናዋ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ለክልሉ የዱር እንስሳት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያስታውቁ። በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅም ስለ ዱር እንስሳት የሚያስተምር በመሆኑ ምክር ሊለግሳችሁ ይችላል። ባለቤትዎ የገዛበትን ቦታ በትክክል ጽፎ ያስረክብ፤ ድና ስትለቀቅ መመለስ ያለባት እዚያው ነው።