የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ርካሹ የዩኤስቢ ቴስተር ለትክክለኛ ልኬት ይበቃል?

ቻርጀርና ኬብል ለመፈተሽ ተብሎ የተሠራውን አነስተኛ የዩኤስቢ ቴስተር ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ ስለማዋል አንባቢያን ጥያቄዎችን ልከውልናል። ጥያቄዎቹ አንዱ ሌላውን የሚያብራራ በመሆኑ በዚህ ዕትም አንድ ላይ እንመልሳቸዋለን።

ጥያቄ፦ ቴስተሬ ቮልቱንም አምፔሩንም እስከ አራተኛው የአስርዮሽ ቦታ ድረስ ያሳያል፤ መልቲሜትሬ ግን ከሁለት ወይም ከሦስት አያልፍም። ታዲያ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ የትኛውን ልመን?

መልስ፦ በስክሪን ላይ የሚታየው የአሃዝ ብዛትና የንባቡ ትክክለኛነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነቱን ለመረዳት ደግሞ የዕቃውን ውስጥ ማየት ይጠቅማል። ቴስተሩን ከፍተው ቢመለከቱ፣ ከመግቢያው ሶኬት ወደ መውጫው በሚወስደው ሰፊ የመዳብ መስመር ላይ፣ ብዙ ጊዜ «አር010» የሚል ምልክት የታተመበት ጠፍጣፋ ጥቁር ሬዚስተር ያገኛሉ። ሻንት የሚባለው ይህ ነው፤ ምልክቱም ሬዚስታንሱ 0.010 ኦም፣ ማለትም 10 ሚሊኦም መሆኑን ይናገራል። ወደ ሎዱ፣ ማለትም ኃይሉን ወደሚጠቀመው ዕቃ፣ የሚሄደው ከረንት በሙሉ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ በሁለት ጫፎቹ መካከል የሚፈጠረውን ጥቂት ሚሊቮልት አጠገቡ ያለው ቺፕ ይለካና በኦም ሕግ መሠረት ወደ አምፔር ይለወጣል።

ለዚህ ተግባር ከሚውሉት ቺፖች አንዱ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሥሪት የሆነው አይኤንኤ226 ነው። ባለ 16 ቢት ሲሆን በሻንቱ ላይ የሚለየው ትንሹ እርከን 2.5 ማይክሮቮልት፣ የሚለካው ትልቁ ደግሞ 81.92 ሚሊቮልት ነው። በ10 ሚሊኦም ሻንት ሲሰላ ትንሹ እርከን 0.25 ሚሊአምፔር፣ ጣሪያው 8.19 አምፔር ይሆናል። የአቅርቦቱን ቮልቴጅ የሚለካው በ1.25 ሚሊቮልት እርከን ነው። እንግዲህ በዚህ ቺፕ የተሠራ ቴስተር አራተኛውን የአስርዮሽ አሃዝ ቢያሳይም፣ ያ አሃዝ በሒሳብ የተገኘ እንጂ የተለካ አይደለም።

ከእርከኑ ይልቅ ሊያሳስብን የሚገባው ስሕተቱ ነው። የቺፑ የዜሮ መዛባት፣ ማለትም ምንም ሳይለካ የሚያሳየው ንባብ፣ እስከ 10 ማይክሮቮልት ሊደርስ ይችላል፤ ይህም በዚሁ ሻንት ላይ 1 ሚሊአምፔር ማለት ነው። የቺፑ የመጠን ስሕተት፣ ማለትም ከንባቡ ጋር አብሮ የሚያድገው፣ ከ0.1 በመቶ አይበልጥም፤ ሻንቱ ግን በርካሽ ዕቃዎች ላይ ብዙውን ጊዜ 1 በመቶ መዛነፍ የተፈቀደለት ነው፤ ስለዚህ 2 አምፔር ሲያልፍ ንባቡ እስከ 20 ሚሊአምፔር ሊሳሳት ይችላል። ይህን ሰምተው ቴስተሩን ለመጣል እንዳይቸኩሉ። የሻንቱ መዛነፍ በየቀኑ የሚለዋወጥ ሳይሆን በአንድ አቅጣጫ የጸና ስሕተት ነው፤ ዛሬ 0.6 በመቶ ከፍ አድርጎ ያነበበ ቴስተር፣ የሙቀቱ ሁኔታ ካልተለወጠ፣ በሚቀጥለው ወርም ያንኑ ያህል ከፍ አድርጎ ያነባል። የጸና ስሕተት አንድ ጊዜ ከታወቀ ይታረማል። እኔ እነዚህን ዕቃዎች የማከብረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ትክክለኛ አይሁኑ እንጂ ራሳቸውን በመድገም ረገድ ከዋጋቸው በላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ የጸናውን ስሕተት እንዴት ለይቼ ላርመው? ላብራቶሪ የለኝም።

መልስ፦ የሚያስፈልጉዎት በዲሲ ቮልት ልኬት የሚታመን መልቲሜትር፣ መዛነፉ ከ0.1 በመቶ የማይበልጥ ባለ 1 ኦም ሬዚስተር እና ከረንቱን የሚወስን ሎድ ናቸው። መልቲሜትሩን በአምፔር ቦታው ላይ አድርገው በቀጥታ ማነጻጸር ቀላሉ መንገድ ቢመስልም አልመክረውም፤ የእጅ መልቲሜትሮች በቮልት ልኬት ላይ ያላቸው ትክክለኛነት በአብዛኛው ከአምፔሩ የተሻለ ስለሆነ፣ በታወቀ ሬዚስተር ላይ የሚፈጠረውን ቮልቴጅ መለካት ይበልጣል። ሬዚስተሩ በ1 አምፔር 1 ዋት ስለሚያመነጭ 5 ዋትና ከዚያ በላይ መቋቋም የሚችል ይምረጡ፤ ሲሞቅ ዋጋው ይለወጣልና።

ቴስተሩን፣ ሬዚስተሩንና ሎዱን በተከታታይ ያገናኙ። ሬዚስተሩ የሚቀመጠው ከቴስተሩ መውጫ በኋላ ነው፤ ቴስተሩ ራሱ ለስክሪኑና ለቺፑ የሚወስደው ከረንት በሬዚስተሩ በኩል እንዳያልፍ። ዕቃው ሁሉ ሙቀቱ እስኪረጋ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ከዚያም ሎዱን ነቅለው የዜሮውን ንባብ ይመዝግቡ፤ ቀጥለው 1 አምፔር አካባቢ አሳልፈው የሁለቱን መሣሪያዎች ንባብ በአንድ ቅጽበት ይውሰዱ። ሁለቱ የሚያዩት አንድ ከረንት ስለሆነ ሎዱ ትንሽ ቢዋዥቅ አያስጨንቅም።

ለምሳሌ ያለ ሎድ 0.0008 አምፔር፣ መልቲሜትሩ በሬዚስተሩ ላይ 1.000 ቮልት ሲያነብ ደግሞ ቴስተሩ 1.0058 አምፔር ቢያሳይ፣ ዜሮውን ሲቀንሱ 1.0050 ያገኛሉ፤ የቴስተሩ ማባዣ እንግዲህ 1.005 ነው። ከዚያ በኋላ ከማንኛውም ንባብ ላይ 0.0008 ቀንሰው ቀሪውን ለ1.005 ያካፍሉ፤ 2.0108 ያነበበው እውነተኛ ከረንቱ 2.000 አምፔር ነበር። አንዳንድ ቴስተሮች ይህን እርማት በምናሌያቸው ውስጥ ይቀበላሉ፤ ያለበለዚያ ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ከጀርባው መለጠፍ በቂ ነው። የዜሮው ንባብ ቴስተሩ ለራሱ የሚወስደውን ከረንት ጨምሮ ሊሆን ስለሚችልና ያም ከቮልቴጁ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ በ5 ቮልት ያገኙትን ዜሮ ለ12 ወይም ለ20 ቮልት አይጠቀሙበት።

እርማቱ ከማመሳከሪያው የተሻለ ሊሆን እንደማይችልም ያስታውሱ። መልቲሜትሩ 0.05 በመቶ፣ ሬዚስተሩ 0.1 በመቶ ከሆኑ ማባዣዎ ቢከፋ በ0.15 በመቶ ሊሳሳት ይችላል፤ ከ1 በመቶ ተነሥቶ እዚህ መድረስ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከፍ ባለ ከረንት የሚሠሩ ከሆነ ሙቀቱንም ይቁጠሩት፦ 4 አምፔር በ10 ሚሊኦም ሻንት ላይ 0.16 ዋት ያመነጫል፤ ዋጋው በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከሚሊዮን 100 እጅ (0.01 በመቶ) የሚለወጥ ሻንት በ30 ዲግሪ ቢሞቅ 0.3 በመቶ ይሸሻል፤ ይህም ከማባዣዎ ስሕተት የበለጠ ነው።

ጥያቄ፦ የመቀያየሪያ ነጥቦችንና የኬብሎችን ሬዚስታንስ መለካት እፈልጋለሁ፤ መልቲሜትሬ በኦም ቦታው ላይ 0.2 ወይም 0.3 ብቻ እያለ ይዋዥቃል።

መልስ፦ መልቲሜትርዎ እያነበበ ያለው በአመዛኙ የራሱን ገመዶችና የጫፎቻቸውን ንክኪ ነው። መፍትሔው ሎርድ ኬልቪን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለድልድያቸው የተጠቀሙበት የአራት ሽቦ ዘዴ ነው፦ ከረንቱ በሁለት ሽቦ ይግባና ይውጣ፤ ቮልቴጁ ደግሞ በሌላ ሁለት ሽቦ ለብቻው ይለካ። የታረመ ቴስተር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም የከረንቱን ክፍል እርሱ ይዞልዎት መልቲሜትሩ ለሚሊቮልቱ ነጻ ይሆናል።

የሚለካውን ዕቃ ከሎዱ ጋር በተከታታይ ያስገቡና 1 አምፔር ያሳልፉ። የመልቲሜትሩን ጫፎች ከረንት ከሚያስገቡት ቆንጣጮች ወደ ውስጥ ገባ አድርገው በዕቃው ገላ ላይ ያሳርፉ። ጫፎቹን በቆንጣጮቹ ላይ ካሳረፏቸው ግን የቆንጣጩንም ንክኪ አብረው ስለሚለኩ ዘዴው ትርጉሙን ያጣል። መልቲሜትሩ 23.6 ሚሊቮልት ካለ ሬዚስታንሱ 23.6 ሚሊኦም ነው። የመልቲሜትሩ የመግቢያ ሬዚስታንስ ብዙውን ጊዜ 10 ሜጋኦም ስለሆነ በገመዶቹ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከቁጥር አይገባም፤ ስለዚህም የገመዶቹ ሬዚስታንስ ከስሌቱ ይወጣል።

እዚህ ላይ ልዩነትን የመለካት ልማድ እንዲያዳብሩ አጥብቄ እመክራለሁ። የተለያዩ ብረቶች በሚገናኙበት ቦታ የሙቀት ልዩነት ካለ ጥቂት ማይክሮቮልት በራሱ ይፈጠራል፤ መልቲሜትሩም የራሱ ዜሮ አለው። በ0.5 አምፔርና በ1.5 አምፔር ሁለት ጊዜ ለክተው የቮልቴጁን ልዩነት ለከረንቱ ልዩነት ቢያካፍሉ፣ በሁለቱም ንባብ ውስጥ እኩል የተሸሸገው ስሕተት ይወድቃል፤ የቴስተሩ የዜሮ መዛባትም አብሮ ይወድቃል። ልኬቱን አያስረዝሙ፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በአንድ ዲግሪ 0.39 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በ10 ዲግሪ የሞቀ ኬብል 4 በመቶ የሚጠጋ ለውጥ ያሳያል።

ኬብልን በተመለከተ ንባብዎ የሚታመን መሆኑን ከሽቦው ውፍረት ማመሳከር ይችላሉ። ባለ 28 ቁጥር፣ ማለትም 0.32 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው፤ ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ የአንድ ሜትር ኬብል ድምር 0.42 ኦም አካባቢ ይሆናል። በ2 አምፔር ከ0.8 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል፤ ከቻርጀሩ በ5 ቮልት የተነሣው ከስልኩ ሲደርስ ከ4.2 ቮልት በታች ነው ማለት ነው። ከእርሱ የሚወፍረው ባለ 24 ቁጥር ሽቦ በሜትር 0.084 ኦም ብቻ ስላለው ኪሳራው ወደ ሲሶው ቮልት ይወርዳል። «ስልኬ በዚህ ቻርጀር ቀስ ብሎ ይሞላል» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መመርመር ያለበት ከኬብሉ ጀምሮ ነው።

ጥያቄ፦ በባትሪ የሚሠራ የሴንሰር ሰርኪዩት ሠርቻለሁ። ተኝቶ ሳለ የሚወስደው 50 ማይክሮአምፔር ያህል ነው ብዬ እገምታለሁ። ቴስተሩን ለአንድ ቀን ትቼው የተጠራቀመውን ሚሊአምፔር ሰዓት ለ24 ባካፍል መልሱን አገኛለሁ?

መልስ፦ አያገኙም። ትንሹ እርከን 250 ማይክሮአምፔር በሆነበት መሣሪያ 50 ማይክሮአምፔርን መፈለግ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው፤ ማጠራቀሙም አያድነውም። የ1 ሚሊአምፔር የዜሮ መዛባት በ24 ሰዓት 24 ሚሊአምፔር ሰዓት ሆኖ ይቆለላል፤ የእርስዎ ሰርኪዩት በእውነት የሚወስደው ግን 1.2 ብቻ ነው።

ለዚህ ከባትሪው ጋር በተከታታይ 100 ኦም ሬዚስተር አስገብተው በመልቲሜትር ቢለኩ 50 ማይክሮአምፔር 5 ሚሊቮልት ሆኖ በግልጽ ይታያል። ችግሩ ሰርኪዩቱ ሲነቃ ነው፤ መረጃ ለመላክ 50 ሚሊአምፔር ቢጠይቅ በዚያው ሬዚስተር ላይ 5 ቮልት ሊወድቅ ስለሚገባ ሰርኪዩቱ ይጠፋል። በመንቂያው ጊዜ ሬዚስተሩን በመቀያየሪያ አልፈው ያገናኙት፤ ወይም በ10 ኦም ይሥሩና የንባቡን መቀነስ ይቀበሉ። የነቃበትን ክፍል ግን ቴስተሩ በሚገባ ይለካልዎታል።

ጥያቄ፦ ንባቡን ለመመዝገብ ቴስተሩን ከኮምፒውተር ጋር ሳገናኘው የአምፔሩ ቁጥር ወዲያው ይቀንሳል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ለሚለካው ሰርኪዩት ኃይል የሚሰጠውም ያው ኮምፒውተር ከሆነ፣ ወይም ሰርኪዩቱ በሌላ ኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ከተገናኘ፣ ቴስተሩ አልተበላሸም። አንዳንድ ቴስተሮች ሻንቱን የሚያስቀምጡት በመመለሻው፣ ማለትም በኔጌቲቩ መስመር ላይ ነው። የመመዝገቢያው ኬብል ኔጌቲቭ ከሻንቱ በአንደኛው ወገን ሲገናኝ፣ ከረንቱ ሻንቱን ትቶ በኮምፒውተሩ በኩል የሚመለስበት ሁለተኛ መንገድ ያገኛል፤ በዚያ የሄደው አይቆጠርም። መረጃውን እያሳለፈ የሁለቱን ወገን ሽቦዎች የሚነጥል የዩኤስቢ አይሶሌተር መሐል ማስገባት፣ በብሉቱዝ መመዝገብ፣ ወይም ከመብራት የተነቀለና ከሰርኪዩቱ ጋር ሌላ ግንኙነት የሌለው ላፕቶፕ መጠቀም ነገሩን ይፈታዋል።

መመዝገቡ ራሱ ግን ብዙ ይጠቅማል። በዘፈቀደ የሚዋዥቅ ንባብ ሲደጋገምና አማካዩ ሲወሰድ መዋዠቁ በንባቦቹ ቁጥር ካሬ ሥር ልክ ይቀንሳል፤ የ100 ንባቦች አማካይ ከአንዱ ይልቅ አሥር ጊዜ የረጋ ነው። ይህ የሚቀንሰው መዋዠቁን ብቻ ስለሆነ የጸናው ስሕተት አሁንም በማባዣው መታረም አለበት።

ጥያቄ፦ ዩኤስቢ ያልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ባለ 3.7 ቮልት ሊትየም ባትሪ፣ በቴስተሩ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ የዩኤስቢ ወንድና ሴት ሶኬት ላይ ቀይና ጥቁር ሽቦ በይደው በሌላው ጫፍ ቆንጣጭ ቢያደርጉ ይቻላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ቴስተሮች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከሚለኩት መስመር ስለሆነ ቮልቴጁ ሲወርድ ይጠፋሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በሌላ ሶኬት ለብቻው ኃይል የሚቀበል ቴስተር ይምረጡ። ከመበየድዎ በፊት የትኛው ፒን ፖዘቲቭ እንደሆነ በመልቲሜትር ያረጋግጡ፤ በርካታ ቴስተሮች ለተገላቢጦሽ ግንኙነት ምንም መከላከያ የላቸውም። ቺፑ እስከ 36 ቮልት ቢችልም በዙሪያው ያሉት ካፓሲተሮች ያንን ያህል ላይችሉ ስለሚችሉ በዕቃው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ አይለፉ። የሊትየም ባትሪ ሽቦዎቹ ቢነካኩ በቅጽበት በአሥር የሚቆጠሩ አምፔሮችን ሊለቅ ስለሚችል ፊውዝ ያስገቡ፤ ፊውዙም ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በጣም ተጠግቶ ይቀመጥ፤ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው የለምና።