የአቬዶንን ስልት ብኮርጅ ሥራ አገኛለሁ?

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ፎቶ ቤት ተቀጥረሽ ጉርድ ፎቶ ታነሻለሽ። ሥራው ሰልችቶሻል። የአሜሪካዊውን የሪቻርድ አቬዶንን ፖርትሬቶች አይተሽ ወደሻቸዋል። በእሱ ስልት ፖርትፎሊዮ (የሥራ ናሙና ስብስብ) ብሠራ ኩረጃ ይሆንብኛል? ኤንጂኦ ወይም ማስታወቂያ ድርጅት ለመግባትስ ይረዳኛል? ስቱዲዮም ፍላሽም የለኝም ብለሻል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ፍላሽ አያስፈልግሽም። አቬዶን እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1984 በቴክሳስ ለሚገኘው አሞን ካርተር ሙዚየም የአሜሪካን ምዕራብ ሰዎች ሲያነሳ ነጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ሰውየውን ጥላ ውስጥ ያቆመው ነበር። በቃ። ማዕድን ቆፋሪው፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ አስተናጋጇ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የተነሱት። አንቺም ወረቀቱ ካልተገኘ በደንብ የተተኮሰ ነጭ አቡጀዲ ወጥሪ።

ጀማሪ የሚሳሳተው የብርሃን ልኬቱ ላይ ነው። ጀርባው ነጭ ሲሆን ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልመዋል። ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ በአውቶማቲኩ አትተማመኚ። ብርሃኑን ፊት ላይ ለክተሽ በማኑዋል አንሺ። በአቬዶን ፎቶዎች ዙሪያ የሚታየውን ጥቁር ጠርዝ ደግሞ በፎቶሾፕ እንዳትጨምሪ። የእሱ ጠርዝ ሳይቆረጥ የታተመው ፊልም የራሱ ዳር ነው፤ ያንቺ ግን ጌጥ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቀጣሪ ነጩን ጀርባ አይገዛም፤ እሱን ማንም ያደርገዋል። የሚከፈልብሽ የማታውቂውን ሰው አሳምነሽ፣ በጥቂት ደቂቃ አረጋግተሽ ራሱን እንዲሆን ማድረግ ስትችይ ነው። አቬዶን ትልቁን ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ (ትራይፖድ) ላይ ተክሎ ከጎኑ ይቆም ነበር። ሰውየው የሚያየው ሌንሱንና የአቬዶንን ፊት ነው። ትራይፖድና ሪሞት ተዋሺና ይህን ሞክሪ። መጀመሪያ ያስፈራል፤ መደበቂያ የለሽማ። በነገራችን ላይ እሱም ወጣት ሳለ በአሜሪካ የንግድ መርከቦች አገልግሎት ውስጥ የመርከበኞችን የመታወቂያ ፎቶ ያነሳ ነበር። ጉርድ ፎቶሽን አትናቂው። በየቀኑ ስንት ዓይነት ፊት ፊትሽ እየተቀመጠ ነው!

ስለ ኩረጃው፣ ስልት የማንም ንብረት አይደለም። የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሥራውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ግን አንድ የታወቀ ፎቶውን በአቋሙም በልብሱም ቁርጥ አድርገሽ አትድገሚ። (አቬዶን ያነሳውን ንብ የወረረውን ሰውዬ በተለይ ተዪው። እሱ የነፍሳት ባለሙያ እንደ ንግሥቲቱ ንብ የሚሸት ነገር ቀብቶት የተነሳ ነው።) ከልምምዱ ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ አንድ ሁለት ብቻ አስገቢ፤ ሥሩም «በአቬዶን ስልት የተሠራ ልምምድ» ብለሽ ጻፊ። የቀረው ያንቺ ይሁን። እዚያው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ሄደሽ አሥር ዓሣ አጥማጆችና ዓሣ ሻጮች በአንድ ዓይነት ብርሃን አንሺ። ከሃምሳ የተበታተነ ፎቶ ይሻልሻል።

ኤንጂኦ ላይ ግን ተጠንቀቂ። አቬዶን ሰዎቹን የተጎሳቆሉ አስመስሎ አሳያቸው ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። እኔ ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ልክ ነው አልልም። ቢሆንም የእርዳታ ድርጅት ኮሚዩኒኬሽን ክፍል መጀመሪያ የሚያየው የተነሺውን ክብር ነው። የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ፤ ፎቶው ለምን እንደሚውል በሚገባው ቋንቋ ንገሪው፤ ፎቶውንም አትመሽ መስጠት እንዳትረሺ።

ሌላው፣ የአካውንቲንግ ዲግሪሽን ከሲቪሽ ላይ አታውጪ። ድርጅቶች ፍሪላንሰር ሲያሠሩ ቲን ቁጥር፣ ደረሰኝና በሥርዓት የተሠራ የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃሉ። ጎበዝ ጎበዝ ፎቶ አንሺዎች እዚያ ላይ ሲንገዳገዱ አይቻለሁ። ለአሞራ ገደሉ ሥራ ራሱ የዋጋ ማቅረቢያ አዘጋጂና ከፎቶዎቹ ጋር ላኪልኝ፤ ሁለቱንም አያቸዋለሁ።