«እጄ አይሠራም» ላላችሁኝ፦ ስለ ማኅተም ካርዶች የጠየቃችሁኝ

በጎማ ማኅተምና በባለቀለም ወፍራም ወረቀት የመልካም ምኞት ካርድ መሥራት የጀመራችሁ አንባቢዎች ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። ግማሾቹ የሚጀምሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እኔ እንኳ እጄ አይሠራም።» ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከፋኛል። የላካችሁልኝን የተበላሹ ካርዶች ፎቶ አንድ በአንድ አይቻለሁ። የእጅ ጥፋት ያየሁባቸው በጣም ጥቂት ናቸው። የሚበዙት ቀለሙና ወረቀቱ ያልተስማሙባቸው ናቸው። እሱ ደግሞ በቀላሉ ይስተካከላል።

«አዲስ የአበባ ማኅተም ገዛሁ። ስመታው መሀሉ አይወጣም፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ይጨማለቃል። በጣም ተጭኜም ሞክሬያለሁ፣ ባሰበት።»

መጫኑን ቀንሺው እህቴ። ማኅተሙ ሲጨፈለቅ ቀለሙን ወደ ጎን ይገፋዋል። ዳር ዳሩን ያጨማለቀው እሱ ነው።

መሀሉ ያልወጣው ግን ማኅተሙ አዲስ ስለሆነ ይመስለኛል። አዲስ ማኅተም ፊቱ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ ቅባት መሰል ነገር ይኖረዋል። ቀለሙ እንደ ጤዛ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቆማል እንጂ አይዘረጋም። ነጭ ላጲስ ውሰጂና ፊቱን ቀስ አድርገሽ ፈትጊው። ማብረቅረቁ ደብዘዝ ሲል በቃ፤ ብናኙን ጠርገሽ ሞክሪው።

አቀባቡም ለውጥ አለው። ማኅተሙን ቀለም በጠገበው ስፖንጅ፣ በፓዱ ላይ ከመድፋት ይልቅ ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ያዢው። ከዚያ የቀለም ፓዱን እላዩ ላይ ቶሎ ቶሎ መታ መታ አድርጊው። እንዲህ ስታደርጊ ቀለሙ የት እንደደረሰ፣ የት እንዳልደረሰ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ማኅተሙ ከሥሩ ስፖንጅ የሌለው ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ አትምቺ። ከወረቀቱ ሥር የማውስ ፓድ አንጥፊ። ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪ፣ በጣቶችሽ እኩል ተጫኚ፣ ሳታወዛውዢ ቀጥ አድርገሽ አንሺ።

«ጥቁር ሰማያዊ ወረቀት በጣም እወዳለሁ። ግን ቢጫም ብመታበት አረንጓዴም ብመታበት ምንም አይታይም። ቀለሙ አርጅቶብኝ ይሆን?»

ቀለምዎ ደህና ነው። አብዛኛው የማኅተም ቀለም ቀጭን ነው። ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቶሎ ይደርቃል፣ ብርሃንም ያሳልፋል። ስለዚህ ቢጫውን ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ይውጠዋል። ለጠቆረ ወረቀት የሚሆነው ፒግመንት የሚባለው ቀለም ነው። እሱ ብዙ አይሰርግም፤ ወፈር ብሎ እላይ ይቀመጣል። ነጩን ፒግመንት ይሞክሩት።

አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ለመድረቅ አይቸኩልም። አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ከሆነማ ለቀናት ሊረጥብ ይችላል። አንድ ጊዜ ለጓደኛዬ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አበባ መትቼ በማግሥቱ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ስትከፍተው አበባው ፖስታው ላይ ተለጥፏል፤ ካርዱ ላይ የቀረው ጥላው ነው። ያን ካርድ ሁለት ምሽት ሙሉ ስለደከምኩበት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለጥቁር ወረቀት ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን በሙቀት የሚቀልጠውን ዱቄት፣ ኢምቦሲንግ ፓውደር የሚባለውን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን በጥቂት የሕፃን ፓውደር አበስ ያድርጉት፤ ዱቄቱ ያለቦታው እንዳይጣበቅ ያግዛል። ከዚያ በፒግመንት ይምቱ። ሳይደርቅ ነጩን ወይም ወርቃማውን ዱቄት ይነስንሱበት። የተረፈውን አራግፈው ወደ ዕቃው ይመልሱ። አሁን ሙቀቱን ያስጠጉ። ዱቄቱ መጀመሪያ ደረቅ አሸዋ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ከአንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ ይረጥባል፣ ያበራል፤ ከዚያ ያ ብርሃን በግንዱ በኩል እየተሳበ አበባው ድረስ ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ በጣትዎ ቢዳስሱት መስመሩ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ያገኙታል። ሁሉም እንዳበራ ሙቀቱን ያንሱ። ከበዛ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይሰርግና ድምቀቱ ይጠፋል።

የፀጉር ማድረቂያ ይሠራል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁም አላችሁ። አይሠራም። ሙቀቱ ያንሳል፣ ነፋሱ ይበዛል፤ ዱቄቱን ያበነዋል። ለዚሁ ሥራ የተሠራ የሙቀት ማሽን አለ። እሱ ከሌለዎት ነጭ ወረቀት ላይ መትተው፣ ዙሪያውን ቆርጠው ሰማያዊው ላይ ይለጥፉት። በጣም ያምራል።

«ወፍራሙን ወረቀት ሳጥፈው እጥፋቱ ይሰነጠቅና ነጭ መስመር ይወጣል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ለአስተማሪዬ ስንብት ነው የምሠራው።»

አይዞህ፣ ጊዜ ካለህ ይደርሳል። መጀመሪያ የወረቀቱን ጥግ ትንሽ ቅደደው። ውስጡ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ላዩ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ሲሰነጠቅ ነጩ ብቅ ይላል። እስከ ውስጡ አንድ ቀለም የሆነ ወረቀት ካገኘህ ግማሹ ችግር አለቀ።

ግማሹ ደግሞ የቃጫው ነገር ነው። ወረቀት ሲሠራ ቃጫዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። ከቃጫው ጋር ካጠፍከው እሺ ይላል፤ ቃጫውን አቋርጠህ ካጠፍከው ይሰነጠቃል። ለማወቅ ቀላል ነው። ወረቀቱን ሳትሰብረው በቁመቱ ጎበጥ አድርገው፣ ከዚያ በወርዱ። አንደኛው ላይ እምቢ ብሎ ይገፋሃል፣ ሌላኛው ላይ ዘና ይላል። እጥፋትህ ዘና ባለልህ በኩል ይሁን።

ሳታሰምር ደግሞ አትጠፍ። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶና ማስመሪያ ይበቃሃል። ከሥር ለስለስ ያለ ነገር አንጥፈህ፣ ማስመሪያውን ተደግፈህ ሁለት ሦስት ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ሂድበት። አሁን በአንድ በኩል ጎድጓዳ፣ በሌላ በኩል ጉብታ ይኖርሃል። ብዙ ሰው ወደ ጎድጓዳው ያጥፋል። ጉብታው ነው ካርዱ ውስጥ መቅረት ያለበት። ከዚያ እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ አስተኛው። በጥፍርህ ከሆነ ቀለሙ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይተዋል።

«ካርዴን ከሠራሁ በኋላ የሚገባበት ፖስታ አጣለሁ።»

ከፖስታው ጀምሩ። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። መሀል ለመሀል ሲቆረጥ ሁለት ካርድ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ ታጥፎ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለሱ የሚሆነው ሲ6 የሚባለው ፖስታ ነው፣ 114 በ162 ሚሊ ሜትር። የወረቀቱ ውፍረትስ? በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም ያለው ለካርድ ጥሩ ነው። ብዙ ድርብርብ የምትለጥፉበት ከሆነ ፖስታው ሰፋ ይበል።

«ማኅተሜን ካጠብኩትም በኋላ ጥቁር እድፍ አልለቅ አለኝ። ተበላሸ?»

አልተበላሸም። ሲዳስሱት ሻካራ ካልሆነ እድፍ ብቻ ነው፤ አይጎዳም። ሁሌ እንደተጠቀሙ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። እንጨት ላይ የተለጠፈውን ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፣ ሙጫው ይለቃል። ግልጹን ፕላስቲክ አሴቶን አያስነኩት፤ ፀሐይ ላይም አይተዉት።

«ሥዕሉን የሳልኩት እኔ አይደለሁም፣ ማኅተሙ ነው። ታዲያ “በእጄ የሠራሁት” ብዬ ብሰጥ ውሸት አይሆንም?»

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቅን ሰው ነዎት። በፍጹም ውሸት አይሆንም። ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የገና ካርድ ተብሎ የሚታወቀው በ1843 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ የወጣው ነው። ያሠራው ሄንሪ ኮል፣ የሣለው ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነው። እሱም መስመሩ ታትሞ ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነበር። የታተመ መስመርና የሰው እጅ ከድሮም አብረው ናቸው። ወረቀቱን የመረጡት፣ ቀለሙን ያስማሙት፣ ውስጡን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ካርዶቹን መሸጥ ካሰቡ ግን የማኅተሙ አምራች ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመው ያንብቡ። ብዙዎቹ በእጅ የተመታን ካርድ መሸጥ ይፈቅዳሉ፤ ገደብ የሚያበጁም አሉ።

«ኮላ ስቀባ ወረቀቱ ይጨማደዳል።»

ኮላው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። በጣም አሳንሱት፣ ከዚያ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ለሰፊ ወረቀት በሁለት በኩል የሚለጠፈው ፕላስተር ይሻላል።

«ከላጲስ ማኅተም ቀረጽኩ። “መልካም ልደት” ብዬ ብመታው ተገልብጦ ወጣ። ፊደል ከብዶኛል፣ ልተወው?»

እንዳትተዪው! የራስሽን ፊደል ካርድ ላይ ማየትን የሚያህል የለም። ማኅተም እንደ መስታወት ነው፤ ቀኙን ግራ ያደርጋል። «ሠ» ቢገለበጥ ብዙም አይታወቅበትም። የ«ቤ» ቀለበት ግን በስተቀኝ እግሩ ላይ ናት፤ ላጲሱ ላይ በስተግራ መዋል አለባት። የ«ሉ» ቅጥያም እንዲሁ። ይህን ሁሉ በጭንቅላትሽ ለመገልበጥ አትድከሚ። ስስ ወረቀት ላይ ለስላሳ እርሳስ ይዘሽ እንደወትሮሽ ጻፊ። ወረቀቱን በግንባሩ ላጲሱ ላይ ድፊውና ጀርባውን በጥፍርሽ እሽት እሽት አድርጊው። ስታነሺው ጽሑፉ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ቀርቷል። የቀረሽ ዙሪያውን መቅረጽ ነው።

ስትቀርጺ ምላጩን ከፊደሉ ወደ ውጭ አዘንብዪው። የፊደሉ ሥር ከፊቱ ሰፋ ማለት አለበት፤ ሥሩ ከቀጠነ ሲመታ ይታጠፋል። ቀጫጭኑ ላይ አትቸኩዪ፣ ላጲሱን አዙሪው እንጂ ምላጩን አታዙሪ። የያዘው እጅሽም ከምላጩ ኋላ ይሁን። የመጀመሪያውን ምት ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ አድርጊው። በፊደሎቹ መሀል ሳይነሳ የቀረ ጉብታ ካለ ቀለም ይዞ ይታያል። እሱን አንሺና እንደገና ምቺ።